በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የካንሰር ሕሙማንን እየዞሩ ለመጠየቅ፦ ለበጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ የጉዞ መመሪያ

የካንሰር ሕሙማንን በየቤታቸው እየዞረ ለመጠየቅ የተነሣ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ሲሰበሰብ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «በየት በኩል እንሂድ?» የሚል ነው። አንዱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርደን ባቲ ደርሰን እንመለስ ይላል፤ ሌላው ሐይቅን ሳንነካ አንመለስም ይላል፤ የመኪና ኪራይና ነዳጅ ይሰላል፤ ቀኑም ለሁሉ ይመች ተብሎ ቅዳሜና እሑድ ይቆረጣል። እኔም በጀመርኩበት ሰሞን እንዲሁ አደርግ ነበር። ጥቂት ዙር ከሄድን በኋላ ግን የጉዞው ቀንም አቅጣጫም መውጣት ያለበት ከእያንዳንዱ ታማሚ የቀጠሮ ካርድ እንደሆነ ተረዳሁ፤ በኬሞ (የካንሰር ሕዋሳትን በሚያጠፋ መድኃኒት በሚሰጥ ሕክምና) ላይ ያለ ሰው ጠያቂ የሚያበረታበት ሳምንት አለው፣ ጠያቂ የሚጎዳበት ሳምንት አለው፣ ከጠያቂ ይልቅ መኪና የሚያስፈልገው ቀንም አለው። ይህን ሳያውቁ የተነሡ እንደሆነ የተሸከሙት ብርቱካን ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል።

ስለ ኬሞ የቀን አቆጣጠር

ኬሞ ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ይሰጣል፤ በየ14 ቀኑ ወይም በየሳምንቱ የሚሰጥም አለ። በየ21 ቀኑ የሚወስድን ሰው ምሳሌ ብናደርግ፣ መድኃኒቱን ከወሰደበት ቀን አንሥቶ እስከ አራትና አምስተኛው ቀን ድረስ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስና ድካም ይበረታበታል፤ ሰው ማየትም ምግብ ማሽተትም አይፈልግም። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሰውነቱ ያገገመ ይመስላል፤ ሆኖም በሽታን የሚከላከሉት የነጭ ደም ሕዋሳት እጅግ የሚቀንሱት በዚሁ ጊዜ ነው። በዚህ ሳምንት ከጠያቂ የሚያዝ ጉንፋን ለእኛ የሁለት ቀን ማስነጠስ ሲሆን ለታማሚው ሆስፒታል የሚያስተኛ፣ አንዳንዴም ሕይወት የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት የምግብ ፍላጎቱ ይመለሳል፣ ወሬም ያምረዋል፤ የቤት ለቤት ጥየቃ ሊደረግ የሚገባውም ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ከጉዞው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ የሁሉም ታማሚዎች የመጨረሻ የኬሞ ቀንና ቀጣዩ ቀጠሮ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሊጻፍ ይገባል። ሦስተኛ ሳምንታቸው የሚገጥመው በአንድ ዙር ይታያሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ላይ ያሉት ስልክ ይደወልላቸዋል፤ የኬሞ ቀናቸው የደረሰ ደግሞ ጠያቂውን ትተው መኪናውን ያገኛሉ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በማገገም ላይ ያሉትና ሕክምናው ቆሞ ሥቃይን በማስታገስ ብቻ የሚረዱት ከዚህ ስሌት ውጪ ናቸው፤ በተለይ ሁለተኞቹን ማንኛውም ቀን ቢሄዱባቸው አይበዛባቸውም። ከሕክምናው ጋር ጠያቂውም አብሮ የሚቋረጥባቸው እነርሱ ስለሆኑ እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ የምመዘግበው እነርሱን ነው።

ቀጠሮን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ከኩታበር ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ አንድ አባት «መጋቢት 12» የሚል የቀጠሮ ካርድ በፕላስቲክ ጠቅልለው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይይዙ ነበር። አሥረኛ ክፍል የሚማረው ልጃቸው አባቱ እንዳይረሱ ብሎ በስልኩ ላይ ማርች 12 ብሎ የማስታወሻ ደወል ሞላላቸው። ማርች 12 በእኛ መጋቢት 3 ነው። እኒህ ሰው ዘጠኝ ቀን አስቀድመው ደሴ ደረሱ፣ አንድ ሌሊት አልጋ ተከራይተው አደሩ፣ በማግስቱም «ገና ነዎት» ተብለው ተመለሱ፤ በትክክለኛው ቀን ለመምጣት የሚሆን የመኪና ገንዘብም ከእጃቸው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በሄድንበት ቤት ሁሉ ካርዱን ተቀብለን ቀኑን ጮክ ብለን እናነባለን፤ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ፣ ሰዓቱም «2 ሰዓት» ሲል የጠዋቱ መሆኑን አረጋግጠን፣ ከሳምንቱ ዕለት ስም ጋር በትልቅ ጽሕፈት ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ዕለቱን መጻፍ ቁጥሩን ከመጻፍ የበለጠ ይጠቅማል፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ «ከሰኞ ገበያ ማግስት» ብሎ ይይዘዋል።

ታማሚዎችን ማግኘትና ፈቃድ መጠየቅ

የታማሚ ስምና አድራሻ የሆስፒታል ምስጢር ነው። በደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ በሌላ የጤና ተቋም የሚሠራ ወዳጅ አለኝ ብሎ ዝርዝር በስልክ ማስላክ ሰጪውንም ተቀባዩንም የሚያስጠይቅ ነው። ተገቢው መንገድ ለሆስፒታሉ አስተዳደር ደብዳቤ ማስገባት፣ የበጎ ፈቃደኞችን ስልክ የያዘ አጭር ወረቀት በካንሰር ሕክምና ክፍሉ ነርሶች በኩል ለታማሚዎችና ለአስታማሚዎች እንዲደርስ ማድረግ፣ ከዚያም የፈለገ ሰው ራሱ እስኪደውል መጠበቅ ነው። ሁለተኛው መንገድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው፤ መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ማን ቤት ማን እንደተኛ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እነርሱም ቢሆኑ ቤተሰቡን አስቀድመው ጠይቀው «ይምጡ» ከተባለ በኋላ ብቻ ሊወስዱን ይገባል። ሦስተኛው ቅሬ (የወሎ እድር) ነው። የቅሬ ዳኛ ሐሳቡን ከወደደው ወንበርም ጀበናም ሰውም አይጠፋም፤ ነገር ግን ቅሬ የሚታወቀው በለቅሶ ስለሆነ የቅሬ ሰዎችን አስከትሎ በሽተኛ ቤት መግባት «ደረሰ እንዴ?» የሚል ድንጋጤ እንዳያመጣ ልብ ማለት ያሻል።

የቡድኑ አወቃቀር

ወደ አንድ ቤት ከሦስት ሰው በላይ አይግባ። ሁለቱ በቂ ናቸው፤ ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን። በአገራችን ሴቶችን በብዛት የሚያጠቁት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ስለሆኑ ከምንጠይቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፤ ስለ ቁስላቸው፣ ስለ ሽታው፣ ስለ ደም መፍሰሱ፣ ከባል ጋር ስላለው ነገር ለወንድ ጠያቂ አይናገሩም። ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ አቅጣጫ የሚሄድ መኪና ኦሮምኛ የሚናገር ሰው ይያዝ፤ በሽታውን በሁለተኛ ቋንቋ ማስረዳት ሌላ ድካም ነውና።

ጠዋት ከመነሣታችን በፊት እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ትኩሳቱን ይለካ፤ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ተቅማጥ ወይም የቆዳ ቁስል ያለበት በዚያ ቀን ይቅር። በደሴ ብርድ ጉንፋን ያልያዘው ሰው ማግኘት በራሱ ፈተና ቢሆንም እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። ሽቶና ጠንካራ ሽታ ያለው የፀጉር ቅባት አይደረግ። ባነር፣ አንድ ዓይነት ቲሸርትና «ካንሰር» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት መኪናም ይቅር። መኪናው በር ላይ በቆመ ቅጽበት መንደሩ ሁሉ የቤቱን ምስጢር ያነብበዋል፤ ልጅ ለመዳር ሽማግሌ የሚጠብቅ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ቤት አከራዩም ያልሰማ ሊሆን ይችላል።

ስለ ፎቶግራፍ ብዙዎች ስለሚከራከሩ ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ፦ በታማሚ ቤት ውስጥ ካሜራ አይከፈት። «ለጋሾች ማስረጃ ይፈልጋሉ» ለሚለው መልሱ በአስታማሚው የተፈረመ የርክክብ ወረቀት ነው። ፀጉሩ ረግፎ፣ ክብደቱ ቀንሶ፣ በሰው ፊት ስጦታ የሚቀበል ሰው «አይሆንም» ለማለት አቅም የለውም፤ ስለዚህ ፈቃዱን ጠይቀን ነበር ማለት የሚያስመካ አይደለም።

መንገዱ

ደሴና ኮምቦልቻን የሚለያቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይሁንና በዚህች አጭር መንገድ የከፍታ ልዩነቱ ወደ 600 ሜትር ይደርሳል፤ ሐረጎን የወጣ ሁሉ ጥምዝምዙን ያውቀዋል። ለጤነኛ ሰው አንድ ዘፈን ተሰምቶ የሚያልቅ መንገድ ኬሞ ወስዶ ወደ ኮምቦልቻ ለሚመለስ ሰው ረጅም ሥቃይ ነው። ታማሚው ከፊት ወንበር ይቀመጥ፣ መስኮቱ በትንሹ ይከፈት፣ ሹፌሩ ጥምዝምዙ ላይ እንዳይቸኩል አስቀድሞ ይነገረው። በእጅ የሚያዙት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የማያፈስ ወፍራም ፌስታል፣ ጓንት፣ ሶፍት፣ ውኃ፣ የተቆረጠ ሎሚ ለማሽተት፣ አንድ ጋቢ። ሐረጎ ላይ ጉም የሚወርድበት ጊዜ ስለሚኖር በክረምት ከሰዓት በኋላ ታማሚ ይዞ መንገድ መጀመር ተገቢ አይመስለኝም። በሌሊት መጓዝማ ጨርሶ አይታሰብም።

ከደሴ ወደ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ኩታበር 20 ኪሎ ሜትር፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቁጥር ሲታይ ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ የሚቻል ይመስላል፤ አይቻልም። የከተማው ቤት ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ የገጠሩ ታማሚ ግን አስፋልቱ ካለቀ በኋላ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ሊኖረው ይችላል። አንድ ቡድን በቀን ከአምስት ቤት በላይ ካቀደ በመጨረሻዎቹ ቤቶች ቆሞ ተናግሮ የሚወጣ ይሆናል። ባቲ ሰኞ ገበያ ስለሆነ ሰው ሁሉ እዚያ ነው፤ አስታማሚውን ቤቱ ለማግኘት ሌላ ቀን ይሻላል፣ አስታማሚው ገበያ ወጥቶ ታማሚው ብቻውን በሚውልበት ቤት ግን ሰኞ መሄድ ትልቅ እገዛ ነው። ከመስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ በፊትና በኋላ ባሉት ቀናት በደሴ መኪናም አልጋም የሚገኘው በመከራ ስለሆነ ጉዞ አይያዝ፤ በእነዚያ ቀናት ቀጠሮ ያላቸውን ታማሚዎች ግን አስቀድሞ ማወቅና መጓጓዣ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት፣ እሑድ ከቅዳሴ በፊት፣ በረመዳን ደግሞ ወደ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ቤት አይንኳኳም።

ምን ይዘን እንሂድ?

በመጀመሪያው ጉዟችን 14 ሆነን ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ገባን፤ ሁለት ፌስታል ብርቱካንም ከአልጋው ሥር አኖርን። የተኙት እናት አመስግነው አንዱን ልጠው አፋቸው ላይ ሲያደርጉት ዓይናቸው እንባ ሞላ። የተሰማቸው ደስታ መስሎን ነበር። ልጃቸው ወደ ውጭ ስትሸኘን ነው ኬሞው አፋቸውን አቁስሎት ከሦስት ቀን ወዲህ ውኃ እንኳ እያቃጠላቸው መሆኑን የነገረችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ነገር ከመግዛታችን በፊት አስታማሚውን በስልክ «ምን ይበላሉ? ምንስ ያስጠላቸዋል?» ብለን እንጠይቃለን።

አፉ ለቆሰለ ሰው በርበሬ፣ ሎሚ፣ ብርቱካንና ትኩስ ነገር አይሆንም። ለብ ያለ አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ገንፎ፣ የበሰለ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ በደንብ የበሰለ አልጫ ምስር፣ ተቀቅሎ የጠነከረ እንቁላል ይስማማል። አፍ ለማጉመጥመጥ በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ጥቂት ጨው መጨመር ያለ ገንዘብ የሚገኝ እርዳታ ነው። የነጭ ደም ሕዋስ በሚቀንስበት ጊዜ ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ከእርሱ የተሠራ እርጎ፣ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ አይቅረብ። ታማሚውን ለማጠንከር ተብሎ በግ የሚያርድና ጥሬውን የሚያቀርብ ዘመድ ስለማይጠፋ ይህን በትሕትና ለማስረዳት ተዘጋጅቶ መሄድ ያሻል፤ ሥጋው በሾርባ መልክ በደንብ ተቀቅሎ ከቀረበ ምንም ክፋት የለውም።

ማርና ጥቁር አዝሙድ፣ የሥር መድኃኒት፣ ስሙ የማይታወቅ የተፈጨ ቅጠል ይዞ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛም አጋጥሞናል። ከልብ ነው ያመጣው። ነገር ግን ከኬሞ መድኃኒት ጋር ተደርቦ ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪሙ ያላወቀው ቅጠል በቡድኑ ስም አይሰጥ። ቴርሞሜትር ግን በየቤቱ ቢሰጥ ከብዙ ካርቶን ብስኩት ይበልጣል። ጓንትና በረኪናም እንዲሁ፤ ከኬሞ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ውስጥ የታማሚው ሽንትና ትውከት የመድኃኒቱ ቅሪት ስላለበት አስታማሚው ጓንት አድርጎ እንዲያጸዳ፣ የቆሸሸውንም ልብስ ለብቻ እንዲያጥብ መንገር ያስፈልጋል።

ገንዘብ የሚሰጥ ከሆነ በፖስታ ሆኖ ለታማሚው ወይም ታማሚው ለመረጠው ሰው በእጁ ይሰጥ፤ በቴሌብር መላክ ደግሞ ከጎረቤት ዓይን ይሠውራል። ከገንዘቡ በፊት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ደብተሩን መጠየቅ አይረሳ። መታደሻው ያለፈበት ደብተር ባለበት ቤት የሚበጀው እርዳታ የመዋጮውን ክፍያ መሸፈንና ቀበሌ ድረስ አብሮ መሄድ ነው።

ቤት ከገቡ በኋላ

ከመግባት በፊት እጅ ይታጠባል። መጨባበጥና መሳሳም በጥየቃ ባህላችን ውስጥ ትልቅ ቦታ ቢኖረውም ጎንበስ ብሎ እጅን ደረት ላይ አድርጎ «ምሕረቱን ያውርድልዎ» ወይም «አላህ ያሽርዎት» ማለት ይበቃል፤ በወሎ ቤት «አብሽሩ» የምትለዋ ቃል ብቻ ብዙ ሸክም ታቀልላለች። በዕድሜ የገፉትን «እማማ»፣ «አባባ»፣ «ሐጂ»፣ «ሼሁ» እያልን በአንቱታ እንናገራለን። ነርስ እንኳ «አንቺ» እያለች በምትጠራበት የሕመም ዘመን አንቱታ ከመድኃኒት አይተናነስም።

በሽታውን በስሙ ከመጥራታችን በፊት ታማሚው ምን ብሎ እንደሚጠራው ከአስታማሚው እንጠይቅ። አንዳንዱ ካንሰር ይላል፣ ሌላው ነቀርሳ፣ ሌላው «ይህ እብጠቴ»፣ ሌላው «ያ ነገር»። እኛም እርሱ ባለው ስም እንጥራው። ቤተሰቡ ከታማሚው ደብቆት ሊሆን ይችላልና፤ የመደበቁ ነገር ትክክል ነው ማለቴ አይደለም፣ ዳሩ ግን ምስጢሩን የሚገልጠው ለግማሽ ሰዓት የመጣ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ታማሚው ራሱ «ልጄ፣ ይህ ነገር ካንሰር ነው ይሉታል፣ እውነት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አንዋሽ፣ አንፍረድም፤ «ይህን በሚገባ የሚያውቁት ሐኪምዎ ናቸው፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሬዎት ገብቼ እንጠይቃቸው» ማለት እውነትም እርዳታም ነው፤ ብለንም ካበቃን በቀኑ መገኘት ግድ ይሆናል። «የእኔም አክስት በዚሁ ነው የሞተችው» የሚል ወግ፣ «ምንም አልሆኑም እኮ!» የሚል ማባበያ፣ «ከኃጢአት ነው» የሚል ስብከት በር ላይ ይቅሩ።

ሳህን የለየ ቤት ካጋጠማችሁ ጉዳዩን በጥንቃቄ ያዙት። ካንሰር አብሮ በመብላት፣ በመተቃቀፍ፣ በትንፋሽ አይተላለፍም፤ ብዙ ቤት ግን ይተላለፋል ተብሎ ስለሚፈራ ታማሚው ከመሶቡ ይገለላል። በሌላ በኩል የነጭ ደም ሕዋሱ በቀነሰበት ሳምንት ለብቻው በንጹሕ ሳህን ቢበላ የሐኪም ምክር ነው። ሳህኑ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ሁለት ነው። እኛ የምናደርገው ታማሚው ባለበት «የለየነው ከእርስዎ ወደ እኛ እንዳይመጣ ብለን አይደለም፣ የእኛ ጉንፋንና የሆድ በሽታ ወደ እርስዎ እንዳይሄድ ነው» ብሎ ጮክ ብሎ መናገር ነው። ይህን ስንናገር ለወራት አንገታቸውን ደፍተው የነበሩ ሰው ቀና ብለው ወደ ምራታቸው ሲያዩ ተመልክቻለሁ፤ ምራቲቱም «እኔስ መች አልኩ» ብላ ሳቀች።

ቡና ሳይፈላ እንግዳ መሸኘት ነውር ነው። ይሁን እንጂ ሲቆላ የሚነሣው ጭስና እጣኑ የሚያቅለሸልሸው ታማሚ ብዙ ነው። ቡናው በጎረቤት ቤት ወይም በደጅ እንዲቆላ አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ፣ ወይም «ዛሬ ሳንጠጣ እንሂድ፣ ሲድኑ ሦስተኛውን ሳይቀር እንጠጣለን» ማለት ማንንም አያስቀይምም። ቆይታው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል። ታማሚው ዓይኑን መክደን ሲጀምር፣ መልሱ ሲያጥር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ሰዓቱ ያልሞላ ቢሆንም መነሣት ነው። ከዚያ በኋላ ከሁለቱ አንዱ አስታማሚውን ደጅ አውጥቶ «አንተስ መቼ ተኛህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ይህ ጥያቄ ከመላው ጥየቃ ይልቅ ብዙ ነገር የሚያወጣበት ጊዜ አለ።

ጸበል፣ ዱዓና ጾም በየቤቱ ይነሣሉ፤ መልሳችንም አጭርና አክብሮት ያለው ይሁን። ጸበል መጠመቅና ዱዓ ማስደረግ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል፤ መድኃኒቱን አቁሙ የሚል ነገር ሲመጣ ብቻ «ሁለቱንም ይዘው ይቀጥሉ» እንላለን። ለጾም የንስሐ አባት ሊፈቱለት ይችላሉ፤ በእስልምናም ሕመምተኛ በረመዳን እንዲያፈጥር ቁርኣን ፈቅዷል። ይህን ከበጎ ፈቃደኛ አፍ ከመስማት ይልቅ ከቄሱና ከሼሁ መስማት ስለሚሻል እነርሱን አስቀድሞ አግኝቶ ማነጋገር ቡድኑን ከብዙ ክርክር ያድነዋል።

በቤቱ ያሉ ጤነኛ ሴቶች «ለእኔስ?» ብለው ከጠየቁ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ከሆነ በጤና ጣቢያ የማኅፀን በር ቅድመ ምርመራ እንዲያደርጉ፣ ልጃገረዶችም በ2011 ዓ.ም መሰጠት የጀመረውን የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መውሰዳቸውን እንዲያረጋግጡ መጠቆም ይበቃል።

የማይዘገይባቸው ምልክቶች

በጎ ፈቃደኛ ሐኪም አይደለም፤ መድኃኒት አይሰጥም፣ መጠን አይቀይርም። ሆኖም ጉዞውን አቋርጦ ታማሚውን በዚያው መኪና ወደ ሆስፒታል የሚወስድባቸውን ምልክቶች በቃሉ ሊይዝ ይገባል። በኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ ነገ አይጠበቅም፤ ማስታገሻ ሰጥቶ ትኩሳቱን አውርዶ መተኛት አደገኛ ማዘናጋት ነው። የማይቆም ደም፣ ሙሉ ቀን ውኃ እንኳ የማያስቀር ትውከት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአእምሮ መደናገር፣ እንዲሁም ከጀርባ ሕመም ጋር የእግር መዛል ወይም ሽንት መያዝ አለመቻል በዚሁ ደረጃ የሚታዩ ናቸው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ «ደክሞት ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ዕጢው የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለውን ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ካላየው ሰውየው እግሩን ሊያጣ ይችላል።

ሞርፊን የታዘዘለት ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ሱስ ይሆንበታል ተብሎ መድኃኒቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት እናገኛለን። ለካንሰር ሥቃይ በሐኪም የታዘዘ ሞርፊን ሥቃዩ እስኪመጣ ሳይጠበቅ ሰዓቱን ጠብቆ የሚወሰድ ነው፤ ሆድ ስለሚያደርቅ የሆድ ማለስለሻውም አብሮ እንዲወሰድ ቤተሰቡ ነርሷን እንዲጠይቅ ማበረታታት እንጂ እኛው ጠርሙሱን ከፍተን መስጠት የለብንም።

ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተባሉ

ኬሞ በደሴ ቢሰጥም ለጨረር ሕክምና ብዙ የወሎ ታማሚ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሄዳል። ጨረር ብዙ ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ለተከታታይ ሳምንታት የሚሰጥ ስለሆነ ሰውን የሚሰብረው ሕክምናው ሳይሆን አልጋውና ምግቡ ነው፤ ዘመድ የሌለው ሰው ገንዘቡ ሲያልቅበት በመካከሉ አቋርጦ ይመለሳል። እርዳታ የሚያሰባስብ ቡድን ለዚህ አንድ ነገር ቢይዝ መልካም ነው፦ ከመነሣቱ በፊት አዲስ አበባ የሚያሳድረው ሰው መፈለግ፣ የሪፈር ወረቀቱ፣ የፓቶሎጂ (የዕጢው ናሙና ምርመራ) ውጤቱ፣ የምርመራ ፊልሞቹና የመድኅን ደብተሩ መኖራቸውን ማረጋገጥ፣ ሁሉንም በስልክ ፎቶ ማንሣት። በካሜራ የምስማማው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ደም መለገስም ለዚህ ጉዞ የሚመጥን ሥራ ነው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደታቸው ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች በየሦስት ወሩ በደሴ ደም ባንክ ተራ ይዘው ቢለግሱ፣ ከመኪናው ያልተሳፈሩትም አባላት ድርሻቸውን ይወጣሉ።

ከተመለሱ በኋላ

ጉዞው በተጠናቀቀበት ምሽት፣ ሰው ሳይበተን፣ ደብተሩ ይከፈት። ለእያንዳንዱ ቤት አራት ነገር ይጻፋል፦ የሚቀጥለው ቀጠሮ፣ የአስታማሚው ስልክ፣ ምን ቃል እንደተገባ፣ ቃሉን የሚፈጽመው ማን እንደሆነ። «ቡድኑ» የሚል ስም በዚህ ዓምድ ውስጥ አይጻፍ፤ ቡድን ስልክ አይደውልም። ከኬሞ በኋላ በ3ኛው ቀን «ምግብ ገባ?» ተብሎ፣ በ10ኛው ቀን ደግሞ «ትኩሳት ለካችሁ?» ተብሎ ይደወል። ደብተሩን የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በቴሌግራም ቡድን ላይ የታማሚ ስም አይለጠፍም።

ከምንጠይቃቸው መካከል የሚያርፉ ይኖራሉ። ለለቅሶው መሄድ ተገቢ ነው፤ እንደ ማንኛውም ጎረቤት፣ በጥቁር ነጠላ ወይም በተለመደው የሐዘን ልብስ፣ ከቅሬው ሰው ጋር ተቀምጦ። ከሰልስቱ በኋላ አስታማሚው ለብቻው ሲቀር አንድ ጊዜ መመለስ ያስፈልጋል፤ በዚያን ቀን ቤት ውስጥ የተረፈ ሞርፊን ካለ ለልጆች እጅ እንዳይደርስ ወደ ሰጠው ፋርማሲ እንዲመለስ ማገዝ፣ በየግድግዳው የለጠፍነውን የቀጠሮ ወረቀትም አስታማሚው ከፈቀደ ራሳችን ማንሣት የእኛ ሥራ ነው።